«ሰውነቱ ለምዶታል» ላልከው

መስከረም 18

ለአክስቴ ልጅ፣ ለ«ጠበቃው»፤

«ማሽኑን አንሥተነዋል። እሱ እንደሆነ ይኸው ሠላሳ ዓመት ትንፋሹ ሲቆም ሲቀጥል ኖሯል፤ ሰውነቱ ለምዶታል። ሰውነት ደጋግሞ ያጣውን ነገር እንደሚለምድ ደግሞ አንተው ራስህ በመጽሐፍህ ጽፈኸዋል።»

ይህ ቃል የአንተ ነው። ከነሐሴው ደብዳቤህ፣ የጣሪያችሁ ቆርቆሮ መታደሱን ካበሠርክበትና የጎረቤታችሁ ውሻ መጥፋቱን ካረዳህበት መሐል፣ ቃል በቃል ገለበጥሁት። የውሻው ነገር አንድ ገጽ ወስዷል። የወንድሜ ትንፋሽ ሦስት መስመር በቅቶታል።

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፤ ዛሬ ግን ቃልህ ቀድሞኝ ገባ። እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ። ለወንድሜ ግን አስቀድሞ ይስጠው፤ ከእናንተ ዘንድ የሚጠብቀው ሰው የለውምና።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስህ፤ የስም ብቻ ጠበቃ ፋይሉን ይረሳል። ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነው። ቀኑን የሚውለው በሚሽከረከር መጋዝ ፊት ነው። ሲተኛ ጉሮሮው ይዘጋል፤ ማንኮራፋቱ ይቋረጣል፤ ደረቱ አየር ፍለጋ ይታገላል፤ ቆይቶ እንደ ሰመጠ ሰው ትንፋሹን ስቦ ይመለሳል። ይኸው እስኪነጋ ይደጋገማል። በማግስቱ ቆሞ ያንቀላፋል። የደም ግፊቱ በክኒን አልወርድ ብሏል። ይህን ሁሉ የጻፍክልኝ አንተው ነህ። የእናንተው ሐኪም አየር የሚነፋ ማስክ አፍንጫው ላይ አድርጎ እንዲተኛ አዘዘ፤ እኔ ማሽኑን ላክሁ። ሐኪም ያዘዘውን ጠበቃ ሻረው።

መጽሐፌ ላይ ያነበብከው ከፍ ያለ ተራራ ላይ ወጥቶ ስለሚኖር ሰው ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ እንደሆነም ይቆያል፤ ሰውነት የሚታገለው ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ስለሆነ ቀስ እያለ ራሱን ያደላድላል። ወንድሜ ተራራ ላይ አይኖርም። እሱ በየሌሊቱ ተራራውን ይወጣል ይወርዳል፣ ይወጣል ይወርዳል። ይህ እንደማይለመድ የሚናገረው ቀጥሎ ያለው ገጽ ነው። ወይ አላነበብከውም፤ ወይ አንብበህ ደብቀኸዋል። የቱ እንደሚያሳፍር አንተ ምረጥ።

ማሽኑን ማን አነሣው? ለምን? ሐኪሙ ያውቃል? በስልክ እንዳትነግረኝ። ስልክ ላይ ያልከውን በማግስቱ «እንዲያ አላልኩም» ትላለህ፤ ወንድሜም ስልክ ሲይዝ ከ«ደህና ነኝ» ሌላ አያውቅም። በጽሑፍ አድርገው።

ለወንድሜ ሚስት፣ ለእትዬ፣ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።


ጥቅምት 4

ለተከበርከው ወንድሜ ለሊቁ፤

ያለህበት ቤት ይሙቅልህ፤ ደጅህን የረገጠ ሁሉ መልካም ይዞ ይግባ፤ የያዝከው ብዕር አይንጠፍብህ፤ በኔ ላይ ሲሆን ግን ትንሽ ቢንጠፍ አልጠላም። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ወንድምህ ደህና ነው። ሚስቱ ደህና ናት። ውሻው ተገኝቷል።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እንደ ወትሮዬ በወንድምህ የእንጨት ሥራ ሱቅ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ፣ የበር ትእዛዝ እየተቀበልኩ ነበር። ከፍቼ የራሴን ቃል በጥቅስ ምልክት ታስሮ ባየው ጊዜ ሳላስበው ተነሥቼ ቆምኩ፤ ችሎት የገባሁ መሰለኝ። ደንበኛው ደንግጦ «ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። «የለም፤ የተማረ ዘመድ ጻፈልኝ» አልኩት። ሰውየው ቆቡን አውልቆ «እግዜር ያጽናህ» ብሎኝ የበሩን ቁመት ሳይነግረኝ ወጣ።

መጽሐፍህን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ አንብቤያለሁ። ቀጣዩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥፋቱ የአንባቢው ይሁን የጸሐፊው ለዳኛ እተወዋለሁ።

ወንድምህ እንደ ጥንቱ ያንኮራፋል፤ ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። እናትህ ነፍሷን ይማርና «የሚያንኮራፋ ሰው ቤት ሌባ አይገባም» ትል አልነበር? ድምፁ ቆም ሲል እኛም ከግድግዳው ወዲህ ቆም እንላለን፤ ሲመለስ እንስቃለን። እሱ ሚስት ባገባ ሰሞን፣ አንተ ለዕረፍት መጥተህ እኔ ክፍል ስታድር፣ «ሞተሩ ጠፋ፤ ወርዳችሁ ግፉ» እያልክ በሳቅ የገደልከን አንተ ነህ። ያኔ ስለ ኦክስጅን ያነሣኸው ነገር ትዝ አይለኝም።

ማሽኑ ደግሞ ተጣለ እንዳይመስልህ፤ ሥራ ይዟል። እንጨት ከተላገ በኋላ ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ሰጋቱራው መነሣት አለበት። በአፍ ሲነፋ ምራቅ ያርፍበታል፤ በጨርቅ ሲጠረግ ይጫጫራል። ያንተ ማሽን ልስልስ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ጨዋ ነፋስ አለው። ቀለም ቀቢያችን እንዲህ ያለ ነገር በዘመኑ አላየም፤ የቁም ሣጥኑ በር እንደ መስተዋት ወጣለትና «የላከው ሰው እጁ ይባረክ» ብሎሃል። ብቻ ማጣሪያው በሰጋቱራ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል። በሚመችህ መንገድ ጥቂት ማጣሪያ ብትልክልን ቀለም ቀቢው ይመርቅሃል፤ እኔም እመርቅሃለሁ።

ማን አነሣው ላልከው፤ ቤተሰብ አንድ እጅ ነው፤ የትኛው ጣት ነው ተብሎ አይጠየቅም። ሐኪሙን ባየሁት ጊዜ እነግረዋለሁ።

አክባሪህ የአክስትህ ልጅ


ጥቅምት 13

ለጠበቃው፤

ጤና ይስጥልኝ። ምርቃትህ ደርሶኛል፤ የቀለም ቀቢውም ደርሶኛል።

ደብዳቤህን ለሥራ ባልደረቦቼ ላነብላቸው አስቤ አፍሬ ተውሁት። የሰው ትንፋሽ እንዳይቆም የተሠራን ማሽን የቁም ሣጥን አቧራ ማራገፊያ ያደረገው ቤተሰብ የማን ነው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ማጣሪያ አልልክም። ማጣሪያው የተሠራው ለወንድሜ ሳንባ ነው። አንተ ግን ማሽኑን አገላብጠህ አየኸውና ከሥራው ሁሉ የገባህ ነገር ቢኖር ለእንጨት የሚሆን ነፋስ እንዳለው ነው።

አሁን ጸጥ ብለህ አንብብ። እንቅልፍ ከመጣብህ ተነሥተህ ፊትህን ታጠብ።

አንገትህን በሁለት ጣት ያዝ። የደም ምት የሚሰማህ ቦታ ላይ፣ ወደ መንጋጋህ ከፍ ብሎ፣ ዋናው ደም ቅዳ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ፊትህ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ አንጎልህ። መገንጠያው ላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ሥጋ አለች፤ በግራም በቀኝም። ዋና ሥራዋ ወደ አንጎል በሚያልፈው ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መቅመስ ነው። ሲያንስባት ትጮኻለች። አንጎልም ጩኸቷን ሰምቶ «ተንፍስ» ብሎ ያዝዛል፤ የተኛውን ያባንናል፤ የደም ሥሮችን ያጠብቃል። ወንድሜን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአፋፍ የመለሰችው እሷ ብቻ ናት፤ እናንተ ከግድግዳው ማዶ ስትስቁ።

እኔ የምሠራበት ክፍል ጠባብ ነው፤ መስኮትም የለው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያቺን ሥጋ ከአይጥ አውጥተን ለብ ባለ ፈሳሽ እናኖራታለን፤ ነርቯ ላይ ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ እናሳርፍና ድምፅዋን በማጉያ እናዳምጣለን። ኦክስጅን ሲበቃት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ ጠብ ጠብ ትላለች። ስንቀንስባት ዶፍ ይሆናል። ስንመልስላት ያባራል። ጤነኛዋ እንዲህ ናት። ኦክስጅን ሲሰጠውና ሲነሣው ከከረመ አይጥ የወጣችው ግን ሌላ ናት። ጥቂት ስንቀንስባት ከጤነኛዋ ይልቅ ትጮኻለች። ደጋግመን ቀንሰን ስንመልስላት ደግሞ ዝናቡ አያባራም። አየሩ ሞልቶ ተርፎ እሷ ገና ትጮኻለች። የወንድሜ የደም ግፊት ቀን እንኳ የማይወርደው ስለዚህ ነው፤ ሌሊት ደጋግሞ የደረሳት ክፉ ወሬ ቀን አይለቃትም።

ልማድ የምትለው ይህን ነው? ደጃፍህን እያንኳኳ የሚሸሽ ሰው ቢኖር፣ በየሌሊቱ፣ ዓመት ከዓመት፣ ዘበኛህ ማንኳኳቱን ይለምደዋል ወይስ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ዱላ ይዞ ይነሣል? አንተ ጠረጴዛ ላይ ተኝተህ ስለምትውል የዘበኛ ነገር ላይገባህ ይችላል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁልህ ትረዳዋለህ ብዬ አይደለም። «አልተነገረኝም» ማለት እንዳትችል ነው። አንድ ነገር ግን ያዝ። መደጋገሙን ባቆምንላቸው አይጦች ላይ ያቺ ሥጋ ሰነባብታ ትረጋጋለች። ወንድሜ አይጥ አይደለም፤ ዕድሜውም ገፍቷል፤ ምን ያህል እንደሚመለስለት አላውቅም። ማስኩ ግን መደጋገሙን ያቆምለታል። ሌላ የጠየቅሁት ነገር የለም።

ስለ እትዬ «ደህና ናት» ብቻ ብለህ አልፈሃል። ከጎኑ የምትተኛው እሷ ናት። እሷ ምን አለች?


ኅዳር 24

ለወንድሜ ለሊቁ፤

በሄድክበት ሁሉ ጤና አይራቅህ፤ ክፉ አይይህ፤ ወዳጅህ ይብዛ። መልሱ ስለዘገየ አትቀየመኝ። የትምህርት ቤት ወንበር ትእዛዝ መጥቶብን ነበርና እንኳን ለመጻፍ ለማስነጠስ ጊዜ አልነበረም። ኮላው እጃችን ላይ ደረቀ፤ ሰጋቱራው እስከ ጉልበታችን ደረሰ። ያም አለቀ፤ ወንበሮቹ ሄዱ፤ ተመስገን።

ሁሉም ደህና ነው። አዲሱ ቆርቆሮ በዝናቡ አላፈሰሰም። ቀለም ቀቢው ልጁን ዳረ፤ ሁላችንም ተጠርተን ሄድን። ወንድምህ ባለፈው ሰሞን የግራ እጁን ትንሿን ጣት ጫፏን መጋዙ ነካ አድርጎት ነበር፤ አሁን ድኗል። መጋዝ እንዳንተ ነው፤ ዘመድ አያውቅም። እሱ ራሱ በፋሻ የታሰረችውን ጣቱን እያሳየ «ከእንግዲህ እስከ ዘጠኝ ተኩል ነው የምቆጥረው» ብሎ ደንበኛውን ሁሉ አስቆታል። ያንቀላፋ እንዳይመስልህ፤ ዐይኑን ትንሽ ጨፈን ነው ያደረገው።

ያቺን የአንገት ሥጋ የጻፍክበትን ለቀለም ቀቢው አነበብኩለት። አንገቱን ይዞ ሲፈልግ ዋለ። «እኔ ዘንድ የለችም» አለኝ በመጨረሻ።

ስለ ማጣሪያው ከእንግዲህ አታስብ። ከአደጋው ወዲህ ማሽኑን ማንም አልነካውም፤ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ለእሱ ስትጽፍለት ስለ ጣቱ እንዳልሰማህ ሁን። እትዬህም ሰላም ብላሃለች።

አክባሪህ


ታኅሣሥ 1

ለጠበቃው፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

«ነካ አድርጎት ነበር።» «ዐይኑን ትንሽ ጨፈን።» ከቆርቆሮው በኋላ፣ ከቀለም ቀቢው ልጅ ሠርግ በኋላ፣ የወንድሜን ጣት አነበብሁ። ይህን የመሰለ አጻጻፍ ከየት እንደተማርከው ባውቅ ትምህርት ቤቱን አዘጋው ነበር። ስለ ውሻ መጥፋት የሚያለቅስ ብዕር የሰው ሥጋ ሲቆረጥ «ነካ» ይላል።

ያየኸውን ልንገርህ፤ አንተ ልትጽፈው ፈርተሃልና። ሰውየው መጋዙ ፊት ቆሟል። ሳንቃውን በሁለት እጁ እየገፋ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ይወርዳል፤ ይነሣል፤ እንደገና ይወርዳል። አንተ ከበሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛህ ሆነህ ታየዋለህ። የመጀመሪያው ቀን አልነበረም፤ ደጋግመህ አይተኸዋል። ምናልባትም ስቀህበታል። በዚያን ቀን ግን አገጩ ሲወርድ እጁ አብሮ ሄደ። ተሳስቻለሁ? ከተሳሳትሁ በጽሑፍ አርመኝ።

ቀጣዩ ሙሉ እጁ ነው። ወይም አንድ ማለዳ ሳይመለስ የሚቀር ትንፋሽ ነው፤ ያኔም «ትንፋሹ ትንሽ ዘግየት አለ» ብለህ ከጣሪያ ወሬ በታች ትጽፍልኛለህ።

«ሰውነቱ ለምዶታል» የምትለውን ከእንግዲህ አልቀበልህም። አንተ ሰነፍ ነህ፤ ወሬኛ ነህ፤ መጽሐፍ ላይ የምትተኛ ነህ። ክፉ ግን አይደለህም። ሰነፍ ሰው ደግሞ የሚሠራ ማሽን ለማንሣት ከወንበሩ አይነሣም፤ ካለበት ይተወዋል። ስለዚህ ሌላ ምክንያት አለ። በሦስት ደብዳቤ ሙሉ አልሸሹም ዞር አሉ ሆነህብኛል። ስለ እትዬ ስጠይቅህ «ሰላም ብላሃለች» ትለኛለህ፤ እኔ ሰላምታዋን አልጠየቅሁም።

ማስኩን ከወንድሜ ፊት ላይ ያወለቀው ማን ነው? ሲያወልቅስ ምን አለ? ቃሉን እንዳለ ጻፍልኝ። ካልጻፍክ ለሐኪሙ እጽፋለሁ፤ ለሐኪሙ ስጽፍ ደግሞ በቅጽል ስምህ አልጠራህም።


ታኅሣሥ 13

ለወንድሜ፤

እንደ ምን አለህ። ዛሬ ቀልድ አልያዝኩም።

አልተሳሳትክም። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። «ጌታው፣ ሳንቃው ላይ እንዳትሰግድ» ብዬው አውቃለሁ፤ ስቀናል።

ማስኩን ያወለቀው ራሱ ወንድምህ ነው። ያወለቀውም ለሚስቱ ብሎ ነው። ላንተ እንዳልጽፍ እሷ አስምላኝ ነበር። ጣቱ ከተቆረጠ ወዲህ ግን መሐላው አነቀኝ፤ የመጨረሻው ደብዳቤህ ሲመጣ ሄጄ «ልጽፍለት ነው» አልኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ጻፍ፤ ይሳቅ» አለችኝ፤ ቀናም አላለች።

ማሽኑ የገባ ሰሞን ወንድምህ እንደ ሕፃን ተኛ። ድምፅ የለ፣ መንፈራገጥ የለ። ቀን ቀን ፊቱ ፈካ። ስንት ዘመን ያላፏጨ ሰው እንጨት እየላገ ያፏጭ ጀመር፤ መላጊያው ፒያላ በእጁ ቀለለ። እሷ ግን ከሳች። ዐይኗ ጎደጎደ። ገበያ ደርሳ የሄደችበትን ረስታ ባዶ እጇን መመለስ አመጣች። ቢጠይቋት አትናገርም። ነገሩ የወጣው በኋላ ነው።

ከተጋቡ ጀምሮ እሷ የምትተኛው ማንኮራፋቱን እየሰማች ነው። ድምፁ ሲቆም በእንቅልፍ ልቧ ትሰማለች፤ ትከሻውን በመዳፏ ትገፋዋለች፤ ይመለሳል፤ እሷም መልሳ ትተኛለች። ከግድግዳው ወዲህ እኛ፣ አንተም ጭምር፣ «ሞተሩ ጠፋ፤ ወርዳችሁ ግፉ» ስንል ከግድግዳው ወዲያ እሷ ትገፋ ነበር። ሳቃችን እንደሚሰማት የነገረችኝ አሁን ነው። እንግዲህ ማሽኑ መጣና ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። ለእሷ ድምፁ ጠፋ ማለት ደግሞ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። እጇን ወደ አፍንጫው ብትሰድ የምታገኘው ፕላስቲክ ነው። ትገፋዋለች፤ ይባንናል፤ «ምነው?» ይላታል፤ «ምንም» ትላለች። ማሽኑ ደህና እየሠራ ነው፣ ሰውየው ደህና ተኝቷል፤ እሷ ተቀምጣ ታነጋለች።

አንድ ማለዳ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች አገኛት። ቃሉን እንዳለ ብለሃል፤ ይኸው። «እኔ ተኝቼ አንቺ ከምታልቂ፣ ሁለታችንም እንደ ድሯችን እንሁን» አላት። ማስኩን ፈታ። ማሽኑን በክንዱ ታቅፎ ወደ ሱቅ ያመጣውም እሱ ነው። ምንድን ነው ብለው «ለሰጋቱራ» አለኝ። እኔም ተቀብዬ ለቀለም ቀቢው ሰጠሁት።

ለምን ቀድማ አልነገረችኝም ትል ይሆናል። ማሽኑ በደረሰ ቀን ስትደውል ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «መብራት ቢጠፋስ?» ብላ ጠየቀችህ። አጠገቧ ነበርኩ። ሳቅክ። «እትዬ፣ ይሄ የሳይንስ ነገር ነው፤ አንቺ ድስትሽን ጠብቂ» አልካት። ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ስላንተ ስታነሣ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩ ሲመጣ እኔ መጽሐፍህን ገለጥኩና አንተ የማትስቅበትን ምክንያት ፈለግኩ፤ የተማረ ሰው ከተማረው ነገር ጋር አይጣላም ብዬ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይኸው ነቀዘ።

ስለዚያች ሥጋ የጻፍከውን ትናንት ደግሜ አነበብኩት። አልተኛሁም። እሷን መሰልከኝ፤ ነገሩ ካለፈም በኋላ ትጮኻለህ።

የአክስትህ ልጅ


ታኅሣሥ 22

ለጠበቃው፤

ጤና ይስጥልኝ።

ከደብዳቤዎችህ ሁሉ እንቅልፍ ያላመጣብኝ ይህ ነው። ቢሆንም አንተን አንድ ገጽ እውነት ለማስጻፍ የወንድሜ ጣት መቆረጥ ነበረበት፤ ይህን አልረሳልህም። ከመጽሐፌ ውስጥ ተራራ እስክትፈልግ ድረስ «ሚስቱ ፈራች» ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ለውሻው አንድ ገጽ ሰጥተህ ነበር።

እኔን ከዚያች ሥጋ ጋር አመሳስለሃል። ካነበብክ አይቀር በትክክል አንብብ። እሷን የምትመስለው እትዬ ናት። ደጋግሞ በጎደለ ትንፋሽ የተሳለ ጆሮ፣ አየሩ ሞልቶ ሳለ እንኳ የማያርፍ። እናንተ ሳቁን ለመዳችሁት እንጂ እሷ አንድም ሌሊት አልለመደችም። በጥቅምት ደብዳቤዬ ወንድሜን ሠላሳ ዓመት የመለሰችው ያቺ ሥጋ «ብቻ» እንደሆነች ጽፌ ነበር። ስሕተት ነው። ደብዳቤውን አውጣና «ብቻ» የሚለውን ሰርዝ፤ ከኅዳጉ ላይ «የሚስቱም እጅ» ብለህ ጻፍበት።

ከዚህ በታች ያለውን ለእትዬ አንብብላት። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አትቀልድ።

እትዬ፣ እንደ ምን ከርመሻል።

መብራት ቢጠፋስ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ ይህ ነው። ማስኩ የሚይዘው አፍንጫውን ብቻ ነው፤ አፉ ነፃ ነው። መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ወንድሜም እንደ ድሮው ማንኮራፋት ይጀምራል። ያን ጊዜ ትሰሚዋለሽ፤ የምታውቂውን ታደርጊያለሽ። የጠየቅሽው መጠየቅ የነበረበትን ነው። ሐኪሙም፣ እኔም፣ ማሽኑን የሸጠልኝ ሰውም አላነሣነውም።

እጅሽን ወደ ማስኩ አትስደጂ። ከፊቱ በኩል ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከእነሱ የሚወጣው ነፋስ የማሽኑም ስለሆነ ያታልልሻል። በጎኑ ሲተኛ መዳፍሽን ከብብቱ ዝቅ አድርገሽ የታችኛው የጎድን አጥንቱ ላይ አሳርፊ። አየር ሲስብ እጅሽን ያነሣዋል፤ ሲመልስ ዝቅ ያደርገዋል። እጅሽ ሳይንገጫገጭ ከተነሣና ከወረደ ወንድሜ ደህና ነው፤ አትግፊው። ድሮ ዝም ሲል ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር። አሁን ዝም የሚለው ተከፍቶ ነው። ሁለቱን ዝምታ ጆሮ አይለያቸውም፤ እጅ ይለያቸዋል። ጆሮሽ ቶሎ ላያምን ይችላል፤ አትቆጪው። ሰነባብቶ ይረጋጋል።

ለእሷ የሚነበበው እዚህ ላይ ያበቃል። ወረቀቱን ወደ ራስህ መልስ።

አዲስ ማሽን ልኬያለሁ። የፊተኛው ለቀለም ቀቢው የልጁ ሠርግ ስጦታ ይሁን፤ ቫርኒሽ ሲጠጣ የከረመ ቱቦ ወንድሜ አፍንጫ ላይ አይወጣም። አዲሱ ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ አልፎ ሱቅ ቢገባ እሰማለሁ፤ ቀለም ቀቢው ምርቃት እንደሚያበዛ አንተው ነግረኸኛል። ማሽኑ ደርሶ እንቅልፉ እስኪስተካከል ወንድሜ መጋዝ አይነካም። ይቆጣሃል፤ ይቆጣህ። ከዚያች ጠረጴዛ ተነሥተህ የመጋዙን ማብሪያ ትጠብቃለህ፤ በዕድሜህ አንድ ጊዜ እንኳ ሥራ ይኑርህ። ማስኩ መመለሱንም ለሐኪሙ አንተው ሄደህ ትነግረዋለህ፤ «ባየሁት ጊዜ» አይደለም።

ስለ ጣሪያውና ስለ ውሻው አልጠይቅህም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መልሱን እትዬ ትናገር፤ አንተ ጻፍ፤ ቃሏን እንዳለ፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገህ። እጇን ጎኑ ላይ እንዳሳረፈች እንቅልፍ ወሰዳት ወይስ አልወሰዳትም? እስከ የካቲት 1 ድረስ በጽሑፍ ይድረሰኝ።